በዋሻ ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩት ግራማ ዓሦች፦ ጥያቄና መልስ

ሐምራዊና ቢጫ ስለሆነው ሮያል ግራማና ስለ ዘመዶቹ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ተንቀሳቃሽ ምስል ላይ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲዋኝ አየሁት። ታሞ ይሆን?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። ግራማ ሆዱን የሚያዞረው በቅርቡ ወዳለው ዓለት ነው። ከዋሻው ጣሪያ ሥር ሲሆን ይገለበጣል፤ ከግድግዳው ጎን ሲሆን ወደ ጎን ይጋደማል። የሚያሳስበው ከዓለት ርቆ፣ በገላጣ ውኃ ውስጥ ተገልብጦ ከተንሳፈፈ ነው።

ጥያቄ፦ እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ይበላል?

መልስ፦ የውኃው ፍሰት የሚያመጣለትን ጥቃቅን እንስሳት። ስለዚህ ጥሩው ቦታ የዋሻው አፍ ነው፤ ጠቡም የሚነሣው በእሱ ነው። ትልልቆቹ አፉን ይይዙና ትንንሾቹን ምግብ ወደማይበዛበት ወደ ጓዳው ያባርራሉ። ከውጭ ሲታዩ ሰላማዊ መንጋ ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዱ ቦታ በጉልበት የተያዘ ነው።

ጥያቄ፦ መኖሪያው የት ነው?

መልስ፦ ካሪቢያንና አካባቢው። የቅርብ ዘመዱ ብራዚል አለ።

ጥያቄ፦ ሮያል ግራማ ብዬ የገዛሁት ዓሣ ሌሎቹን እየነከሰ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ቀለሙን አስተውለው ይመልከቱ። በግራማ ላይ ሐምራዊው ከቢጫው ጋር በነጠብጣብ እየተቀላቀለ ያልፋል፤ በጀርባ ክንፉ ፊት ጥቁር ነጥብ፣ በዓይኑ ላይም ጠቆር ያለ መስመር አለው። ሁለቱ ቀለሞች በቢላ እንደተቆረጡ በቀጥታ መስመር ከተለያዩ ግን የያዙት ዶቲባክ የሚባለውን ሌላ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዓሣ ነው። እሱ የታወቀ ተንኳሽ ነው፤ ለይተው ቢያኖሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ግራማዎችን በአንድ አኳሪየም ላኑር?

መልስ፦ በትንሽ አኳሪየም አልመክርም። አንዱ ይበቃል፤ መደበቂያ ዋሻ ይሥሩለት። መክደኛም አይርሱ፣ ሲደነግጥ ዘልሎ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እንቁላሉን ማን ይጠብቃል?

መልስ፦ ወንዱ። የዓለቱን ስንጥቅ በባሕር አረም ያነጥፋል፤ ሴቷ ስትጥልለት እንቁላሎቹ በቀጫጭን ክሮች አረሙ ላይ ይያዛሉ፤ እስኪፈለፈሉም ከጎጆው አይርቅም።

ጥያቄ፦ ያልታወቁ ዝርያዎች የቀሩ ይመስልዎታል?

መልስ፦ አዎን፣ በተለይ ጠላቂ በማይደርስበት ጥልቀት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሊፖግራማ ከሚባለው የግራማ ዘመድ ወገን ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች ስም ወጥቶላቸዋል። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በኩራሳው ደሴት አቅራቢያ፣ ከ100 ሜትር በታች፣ በሰርጓጅ መርከብ የተያዙ ናቸው።