«እንዲህ ነበር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በእውነተኛ ሰዎች ሕይወት ላይ ስለተሠሩ ፊልሞች ሂስ መጻፍ ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። ሥራው ደስ ይላል። ግን ስለ ልብ ወለድ ፊልም ከመጻፍ ይከብዳል፤ እኔ ይህን ያወቅኩት ሰው ከበደልኩ በኋላ ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የሕይወት ታሪክ ፊልም አየሁ። ሰውየው ማዕድ ላይ ተቆጥቶ ሳህን ሲወረውር ያሳያል። ተዋናዩ ግሩም ነበር፣ ትዕይንቱም ለቀናት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እኔም የሰውየውን ስም ጠርቼ «ቤቱ ውስጥ ጨካኝ አባት ነበር» ብዬ አሰፈርኩ። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ሴት ልጁ ደወለችልኝ። አልጮኸችም። «ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ እሱ የተዋናይ ሥራ ነው። እርስዎ ግን የጻፉት የአባቴን ስም ጠርተው ነው። እኛ ቤት ሳህን ተወርውሮ አያውቅም» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ስለ ሰውየው ከፊልሙ ውጪ አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማስታወሻ ደብተሬን ገጽ መሃል ለመሃል በመስመር እከፍለዋለሁ። በግራ በኩል ፊልሙ ያሳየኝን እጽፋለሁ፣ በቀኝ በኩል ከሌላ ቦታ ያረጋገጥኩትን። ብዙ ጊዜ ቀኙ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ባዶ ከሆነ «ፊልሙ እንደሚያሳየው» እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ «እሱ እንዲህ አደረገ» አልልም።

«አማዴየስ»ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣና ስምንት ኦስካር ያገኘ ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሳሊዬሪ የሚባለው የሙዚቃ ደራሲ በቅናት ተቃጥሎ ሞዛርትን ለማጥፋት ሲያሴር ታያላችሁ። መረጃው ግን ይህን አይደግፍም። እንዲያውም ሞዛርት በ1791 በ35 ዓመቱ ከሞተ በኋላ፣ ትንሹን ልጁን ሙዚቃ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ይኸው ሳሊዬሪ ነው። ታዲያ ፊልሙ መጥፎ ነው? በጭራሽ። ስለ ቅናት ከተሠሩት ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ግን ሂስ ስትጽፉ ሁለቱንም በሉ፤ ፊልሙ ድንቅ ነው፣ ሳሊዬሪም ተበድሏል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ሁሉም ለውጥ ደግሞ እኩል አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው የእናንተ ፍርድ የሚያስፈልገው። በ2001 የወጣው «ኤ ቢውቲፉል ማይንድ» የአእምሮ ሕመም የነበረበትን የሒሳብ ሊቅ የጆን ናሽን ሕይወት ያሳያል። ፊልሙ ላይ ናሽ ካረጀ በኋላ አዳዲስ መድኃኒቶች እንደሚወስድ ይናገራል። እውነተኛው ናሽ ግን ከ1970 በኋላ መድኃኒት አልወሰደም። ለውጡ የተደረገው ፊልሙን ያዩ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ተብሎ እንደሆነ ይነገራል። ይህን እኔ ይቅር እላለሁ። ይቅር የማልለው ሌላ ነው። ባለቤቱ አሊሺያ በ1963 ፈትታዋለች፤ ፊልሙ ላይ ግን ፍቺ የሚባል ነገር የለም። በእውነት የሆነውን አስቡት እስቲ። የፈታችውን ሰው፣ መሄጃ ሲያጣ፣ በ1970 ቤቷ አስገባችው፤ ሚስቱ ሳትሆን ዓመታት አስጠለለችው፤ ከዚያ በ2001 እንደገና ተጋቡ። ጸንታ አብራው ከኖረች ሚስት ይልቅ ይህቺኛዋ ሴት ትበልጥብኛለች። ፊልሙ ሊያሳምራት ብሎ አሳነሳት።

«ዘጋቢ ፊልም ከሆነስ? እሱ እኮ እውነት ነው» የሚሉኝ አሉ። አይ፣ እሱ ላይማ የባሰ ንቁ። በ2012 የወጣውና ኦስካር የተሸለመው «ሰርቺንግ ፎር ሹገር ማን» ሮድሪጌዝ የሚባል አሜሪካዊ ዘፋኝ ሳያውቀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዴት ዝነኛ እንደነበረ ይተርካል። ሳየው አልቅሻለሁ። ከፊልሙ ስትወጡ ሰውየው በ1990ዎቹ እስኪገኝ ድረስ ከደቡብ አፍሪካ ውጪ ያለው ዓለም ጨርሶ የረሳው ይመስላችኋል። ሮድሪጌዝ ግን በ1979ና በ1981 አውስትራሊያ ሄዶ ለአድናቂዎቹ ዘፍኗል። ፊልሙ ይህን አያነሳም። አልዋሸም፤ ዘለለው። ስለዚህ ዘጋቢ ፊልም ስታዩ የሰውየውን ዕድሜ በዓመት ቁጠሩት። ፊልሙ ከአንድ ዓመት ተነስቶ አሥራ አምስት ዓመት ከዘለለ፣ እዚያ መሃል ምን እንደነበር ፈልጉ።

መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝርም ተቀምጣችሁ አንብቡ። ሰው ሁሉ ጃኬቱን እየለበሰ ይወጣል፣ እናንተ ቆዩ። ኩዊን ስለሚባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በተሠራው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ላይ ሁለት የባንዱ አባላት ራሳቸው በሙዚቃ ፕሮዲውሰርነት ስማቸው አለ። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ዘፈኑን መጠቀም ስለማይቻል፣ ባለመብቱም አንዳንዴ ቤተሰብ ወይም ባልደረባ ስለሚሆን፣ ብዙ ፊልም የሚሠራው በእነሱ በጎ ፈቃድ ነው። ይህ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ከሥራው ጀርባ የቆሙት ሰዎች ፊልሙ ውስጥ ሁሌ ጥሩ ሆነው ከታዩ፣ አንባቢያችሁ ይህን ማወቅ አለበት።

ሰውየው ወይም ቤተሰቡ በሕይወት ካሉ ደውሉ። ጽሑፋችሁን አታስነብቧቸው፣ ፈቃድም አትለምኗቸው፤ የሚያሳስባችሁን ትዕይንት ጠቅሳችሁ ብቻ ጠይቁ። ላይመልሱ ይችላሉ፣ ሊዋሹም ይችላሉ፤ እሱን ከሌላው መረጃ ጋር ታመዛዝኑታላችሁ። እኔ ያኔ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ የሳህኑን ነገር ከመጻፌ በፊት እሰማ ነበር። የሰውየው ቤት ቁጥር ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የስልክ ማውጫ ውስጥ ነበር።