የፉርጎው መስኮት ይቅደም

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በ1:87 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ አንድ የሞዴል ባቡር የመንገደኞች ፉርጎ ከኪት (ተነጣጥሎ ከሚሸጥ መገጣጠሚያ) ገጣጥመሃል፣ ቀለምም ቀብተሃል። ግን ከእውነተኛው ፉርጎ ፎቶ ጎን ስታስቀምጠው አሻንጉሊት ሆነብህ። አሁን የእጅ መያዣ፣ የፍሬን ቱቦና የጣሪያ አየር ማስወጫ ልግዛ ወይ፣ ከየትኛውስ ልጀምር ብለሃል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። መጀመሪያ መስኮቱን አስተካክል።

የመንገደኞች ፉርጎ ጎን ከወገብ በላይ አብዛኛው መስኮት ነው። የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈውም እዚያው ነው። የኪትህ ግድግዳ 1 ሚሊሜትር ውፍረት አለው እንበል። በ87 ስታባዛው 8.7 ሴንቲሜትር ይመጣል። መስታወቱን የለጠፍከው ደግሞ ከውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስኮት ወደ 9 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በብዙ ዘመናዊ የብረት ፉርጎዎች ላይ መስታወቱ ከቆርቆሮው ጋር እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። አሻንጉሊት ያስመሰለው ይሄ ጉድጓድ ነው። የፈለግከውን ያህል የእጅ መያዣ ብትደረድርበት አይሸፍነውም። የጥንት የእንጨት ፉርጎ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የእሱ መስታወት በፍሬሙ ውስጥ ጠለቅ ይላል። ስለዚህ የምትሠራውን ፉርጎ ፎቶ አጠገብህ አድርገህ ሥራ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከመስኮቱ ቀዳዳ በጥቂቱ ተለቅ አድርጌ እቆርጣለሁ። ከዚያ በደቃቅ ሞረድ ጠርዙን ትንሽ ትንሽ እያነሳሁ እለካዋለሁ። በጣት ቀስ ብለው ሲገፉት ያለ ኃይል የሚገባ ሲሆን ማቆም ነው። ማዕዘኖቹ ክብ ከሆኑ እነሱን አስቀድም። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር የመስታወቱ ጠርዝ ነው። ጠርዙን በጥቁር ማርከር ቀባው። ካልተቀባ ብርሃን በጠርዙ ገብቶ ያንጸባርቅና ወፍራም ፕላስቲክ መሆኑን ያጋልጣል። ለማጣበቅ ትንሽ ነጭ የእንጨት ኮላ በቀጭን እንጨት ጫፍ ይበቃል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ሱፐር ግሉ ግን ወደ መስታወት እንዳይጠጋ። ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል።

አሰልቺ ሥራ ነው፤ አልዋሽህም። እኔ የአንድ ጎን መስኮት በአንድ ቁጭታ አልጨርስም፤ ዓይን ሲደክም ሞረዱ ያልፋል። ግን ከምትሠራው ሁሉ እንደዚህ ፉርጎውን የሚለውጠው የለም። ደስ የሚለው ደግሞ ወጪው ከአንድ ጥርት ያለ ፕላስቲክና ከአንድ ሞረድ አይዘልም።

መስኮቱ ሲስተካከል ውስጡ መታየት ይጀምራል። ወንበሮቹን ከእውነተኛው ቀለም ፈካ አድርገህ ቀባ፤ ጣሪያው ሲከደን ሁሉም ይጨልማል። ተሳፋሪ ካስገባህ አብዛኛውን ጊዜ እግራቸውን ቆርጠህ ዝቅ ማድረግ ይኖርብሃል። አለበለዚያ ጭንቅላታቸው ከመስኮቱ በላይ ይሆናል። የሽንት ቤቱን መስኮት ከውስጥ ነጭ ቀባው። የሚወርድ መስኮት ያለው ፉርጎ ከሆነ አንድ ሁለቱን ግማሽ ክፍት አድርጋቸው። ጣሪያውን ግን በፍጹም አታጣብቀው! በትንንሽ ማግኔት ይያዝ። የተገነጠለ ተሳፋሪ መመለስ ወይም መብራት ማስገባት ስትፈልግ ታመሰግነኛለህ።

ሁለተኛው ነገር አካሄዱ ነው። በሐዲድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ፉርጎ ምንም ቢያምር አሻንጉሊት ነው። ክብደቱን መዝነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለዚህ ስኬል የሚመክረው 28 ግራም መነሻ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 14 ግራም ነው። የእውነተኛው ርዝመት 26.4 ሜትር ከሆነ ሞዴሉ 303 ሚሊሜትር፣ ማለትም 12 ኢንች ገደማ ነው። ወደ 200 ግራም ይደርሳል ማለት ነው። የእኔ ፉርጎዎች ከዚያ ቀለል ቢሉም በደንብ ይሄዳሉ። ዋናው ቁም ነገር በአንድ ባቡር ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ መሆናቸው፣ ክብደቱም ወለሉ ላይ መቀመጡ ነው። ለክብደት የእርሳስ ጥራጥሬ ከተጠቀምክ በነጭ ኮላ አታጣብቀው። እርሳሱ ከኮላው ጋር ቀስ በቀስ ይዋሃድና ያብጣል። ከዓመታት በኋላ አካሉን ሰንጥቆ ያወጣዋል፤ በአሮጌ ሞዴሎች ላይ አይቻለሁ። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ) ይሻላል።

ቦጊዎቹን፣ ማለትም ከፉርጎው ሥር በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ጎማ ተሸካሚዎች፣ ደግሞ እንዲህ እሰራቸው። ሁለቱም ይዙሩ። አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይወዛወዝ፣ ወደ ጎን አይበል። ሌላው በሁሉም አቅጣጫ ላላ ይበል። ያኔ ሐዲዱ ትንሽ ወጣ ገባ ቢልም አራቱም አክስሎች (የጎማ ዘንጎች) ሐዲዱን ይዘው ይሄዳሉ፣ አካሉም ቀጥ ይላል።

አሁን ወደ ጠየቅከው የእጅ መያዣ እንምጣ። የ30 ሚሊሜትር ብረት በ1:87 ወደ 0.34 ሚሊሜትር ይሆናል። ተዘጋጅተው ከሚሸጡት የፕላስቲክ መያዣዎች ውስጥ 0.6 ሚሊሜትር የሚሆኑ አሉ። ያ በእውነተኛው ልክ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ቱቦ ነው፤ የውሃ መስመር ይመስላል። ከኪቱ ጋር የተቀረጸውን በምላጭ ላጠው። ቦታውን በመርፌ ጫፍ ውጋው። በ0.4 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በእጅ ብሳው። ከዚያ የ0.3 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ አጥፈህ በወረንጦ አስገባው። እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ ጥሩ ነው፤ ግን ከውስጥ በኩል፣ ደግሞም መስታወት ከመግባቱ በፊት።

ከወለሉ በታች ከጎን የሚታየውን ብቻ ሥራ፤ የባትሪ ሳጥን፣ የፍሬን ሲሊንደር፣ የአየር ታንክ። መሀል ላይ ተደብቆ የሚያልፍ ቱቦ ጊዜህን ይበላል፤ እኔ እተወዋለሁ። ንጹሕ ጥቁር ቀለምም አትጠቀም። ጥቁር ግራጫ ላይ ቡናማ ጣል አድርግበት፤ የፍሬን ብናኝ የሚሰጠው መልክ ይኸው ነው።

ቅደም ተከተሉን አትርሳ። ቀለም፣ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ ዲካል (የጽሑፍና የምልክት ተለጣፊ)፣ ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ፣ በመጨረሻ መስታወት። ማት ቫርኒሽ መስታወት ላይ ካረፈ ያደበዝዘዋል።

ያንተ ፉርጎ ቀለሙ ስላለቀ ወደ መስታወቱ በቀጥታ መግባት ትችላለህ። የድሮውን መስታወት በምን እንዳጣበቅከው ግን አልጻፍክም። በነጭ ኮላ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ያላላዋል። ፕላስቲክ በሚያሟሟ ማጣበቂያ ከሆነ አትነካካው፤ ግድግዳውን ይዞ ይሰበራል። እንደዚያ ከሆነ ይህን ፉርጎ ባለበት ተወውና መስኮቱን በሚቀጥለው ኪት ጀምር።