ናይትሮጅኑ ያለ ክምችት ልዩነት ለምን ተንቀሳቀሰ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በክፍል የተማርነው የፊክ ሕግ አንድ ንጥረ ነገር ክምችቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት እንደሚሄድ፣ የፍሰቱም መጠን ከክምችቱ ልዩነት ጋር እንደሚመጣጠን ይናገራል። በአንድ የማጣቀሻ መጽሐፍ ግን ሦስት ጋዞች በተቀላቀሉበት ሙከራ ውስጥ ናይትሮጅን በሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ ሳለ መንቀሳቀሱን አነበብሁ፤ በዲፊዩዥን ኮኤፊሸንቶቹ (ፍሰቱን ከክምችቱ ልዩነት ጋር በሚያያይዙት ቁጥሮች) ሰንጠረዥ ውስጥም ኔጌቲቭ ቁጥሮች አየሁ። ይህ ከሕጉ ጋር አይጋጭምን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያነበቡት ሙከራ ዱንካንና ቱር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ትናንሽ የመስታወት ዕቃዎች 86 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ቀጭን ቱቦ ተገናኝተዋል። በአንደኛው ውስጥ ግማሽ ያህል ናይትሮጅንና ግማሽ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ግማሽ ያህል ሃይድሮጅንና ግማሽ ያህል ናይትሮጅን ነበር። የናይትሮጅኑ የሞል ድርሻ (ከድብልቁ ሞለኪዩሎች ሁሉ የእርሱ እጅ) በአንደኛው 0.501፣ በሁለተኛው 0.499 ስለሆነ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ሆኖም ቱቦው ሲከፈት ናይትሮጅኑ ከአንደኛው ዕቃ ወደ ሁለተኛው መፍሰስ ጀመረ፤ በሁለተኛው ዕቃ ከበዛ በኋላም የራሱን የክምችት ልዩነት እየተቃረነ ለሰዓታት ወደዚያው መሄዱን ቀጠለ፤ የሌሎቹ ጋዞች ልዩነት እየጠበበ ሲመጣ ብቻ ቆሞ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ይህ ከፊክ ሕግ ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ ሕጉ ከተነገረለት ወሰን ውጭ ያለ ነገር ነው። አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 ሕጉን ያወጣው የሙቀትን መተላለፍ ከሚገልጸው ከፉሪዬ ቀመር ጋር በማመሳሰል ሲሆን፣ የተመለከተው ጨው በውኃ ውስጥ ሲሰራጭ ማለትም ሁለት ንጥረ ነገሮች ብቻ ሲገናኙ የሚሆነውን ነው። በሁለት ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ውስጥ የአንዱ የሞል ድርሻ ሲጨምር የሌላው በዚያው ልክ ስለሚቀንስ አንድ ልዩነትና አንድ ኮኤፊሸንት ሁሉንም ነገር ይገልጻሉ። ሦስተኛው ሲገባ ግን እርስ በርሳቸው ነጻ የሆኑ ሁለት ልዩነቶች ይኖራሉ፤ የእያንዳንዱ ጋዝ ፍሰትም በሁለቱም ላይ ይመሠረታል። በዚህም ምክንያት አንድ ቁጥር ይበቃ የነበረው አራት ቁጥሮች ወዳሉት ማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) ይለወጣል። አራት ጋዞች ሲሆኑ ዘጠኝ፣ አምስት ሲሆኑ አሥራ ስድስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ፣ ዮዜፍ ሽቴፋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1871 በቪየና ባቀረቡት አስተሳሰብ ሲታይ ነው፤ እኔም ተማሪዎች ከዚህ ቢጀምሩ እመርጣለሁ። በእነርሱ አገላለጽ እያንዳንዱን ጋዝ የሚገፋው የራሱ ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የእርሱ ድርሻ) ልዩነት ሲሆን፣ ይህን ግፊት የሚመክተው ጋዙ ከሌሎቹ ጋዞች ጋር የሚያደርገው ሰበቃ ነው። በሁለት ጋዞች መካከል ያለው ሰበቃ በሁለቱ የሞል ድርሻዎች ብዜትና በመካከላቸው ባለው የፍጥነት ልዩነት ልክ ይጨምራል፤ የጥንዱ ኮኤፊሸንት ከፍ ሲል ደግሞ ይቀንሳል። ኮኤፊሸንቱ የአንድ ጋዝ ጠባይ ሳይሆን የጥንድ ጠባይ ነው። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው «የናይትሮጅን ዲፊዩዥን ኮኤፊሸንት» ብለን በማን ውስጥ እንደሆነ ሳንናገር ከምንተወው አነጋገር ነው።

ወደ ሙከራው እንመለስ። በ35.2 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር የሃይድሮጅንና የናይትሮጅን ጥንድ ኮኤፊሸንት 83.3፣ የሃይድሮጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ 68.0፣ የናይትሮጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ 16.8 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። ናይትሮጅኑ የራሱ ገፊ ኃይል ስለሌለው በአንድ ወገን ከሃይድሮጅን፣ በሌላው ወገን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚደርስበት ሰበቃ መመጣጠን አለበት። በቱቦው መካከለኛ ይዘት (የሁለቱ ዕቃዎች ድብልቅ አማካይ በሆነበት) የሃይድሮጅኑና የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ እኩል 0.25 ሲሆን፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያለው ሰበቃ ግን አምስት እጥፍ ያህል ይበረታል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚጠበቀው ናይትሮጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለይበት ፍጥነት ከሃይድሮጅን ከሚለይበት ፍጥነት አንድ አምስተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ናይትሮጅኑ የካርቦን ዳይኦክሳይድን መንገድ ይይዛል፤ በተጨናነቀ በር ላይ ወዴትም መሄድ ያላሰበ ሰው አጥብቆ ከሚገፋው ወገን ጋር እንደሚወሰድ ማለት ነው።

ኔጌቲቭ ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል፦ የሃይድሮጅን ልዩነት ናይትሮጅንን ሃይድሮጅኑ ከሚሄድበት በተቃራኒ ያስኬደዋል። ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ፖዘቲቭ እንዲሆኑ የሚያስገድደው የማትሪክሱን አይገን ቫልዩዎች (ከማትሪክሱ ተሰልተው አጠቃላይ ጠባዩን የሚገልጹትን ቁጥሮች) እንጂ እያንዳንዱን ቁጥር አይደለም። በዚህ ምሳሌ አይገን ቫልዩዎቹ 77.5 እና 20.8 ናቸው።

ጥያቄ፦ በሥራዬ የሦስት ጋዞችን ድብልቅ ማስላት ይጠበቅብኛል። ከየት ልጀምር? እያንዳንዱን ጋዝ በአንድ አማካይ ኮኤፊሸንት መግለጽስ አይቻልም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይጀምሩ የምልዎት ከጥንዶቹ ነው። የተለካ ዋጋ ከተገኘ እርሱን ይውሰዱ፤ ካልተገኘ ፉለር፣ ሼትለርና ጊዲንግስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረቡት ቀመር በዝቅተኛ ግፊት ለሚገኙ ጋዞች በደንብ ይሠራል። በኬልቪን የተገለጸው ሙቀት 1.75 አርቢ ይሰጠውና በ0.00143 ይባዛል። ውጤቱ በሦስት ነገሮች ብዜት ይካፈላል፦ በባር በተገለጸው ግፊት፣ በጥንዱ የሞለኪዩል ክብደት ስኩዌር ሩት፣ እንዲሁም በሁለቱ ሞለኪዩሎች የዲፊዩዥን ይዘት (ለእያንዳንዱ ሞለኪዩል በሰንጠረዥ የሚሰጥ የመጠን ቁጥር) ኩብ ሩቶች ድምር ካሬ። የጥንዱ ክብደት የሚገኘው 2ን ለሁለቱ ክብደቶች ተገላቢጦሽ ድምር በማካፈል ነው። ለናይትሮጅንና ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የዲፊዩዥን ይዘቶቹ 18.5 እና 26.9፣ የጥንዱ ክብደት 34.2 ስለሆነ በ308.35 ኬልቪንና በ1.013 ባር 0.172 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ወይም 17.2 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ይወጣል። የተለካው 16.8 እንደነበር ያስታውሱ፤ ልዩነቱ ከሦስት በመቶ በታች ነው።

ከዚያ ማትሪክሱ ይሠራል። ሃይድሮጅንን አንደኛ፣ ናይትሮጅንን ሁለተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሦስተኛ እንበል። በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ጋዝ የሞል ድርሻ በሌሎቹ ሁለቱ ጥንድ ኮኤፊሸንት ተባዝቶ ይደመራል፦ 0.25 × 16.8 + 0.50 × 68.0 + 0.25 × 83.3 = 59.03። ይህ የጋራ አካፋያችን ነው። የሃይድሮጅን ፍሰት በራሱ ልዩነት የሚመራበት ቁጥር 68.0 × (0.25 × 16.8 + 0.75 × 83.3) ÷ 59.03 = 76.8 ሲሆን፣ በናይትሮጅን ልዩነት የሚመራበት 0.25 × 16.8 × (68.0 − 83.3) ÷ 59.03 = −1.09 ነው። ለናይትሮጅን ደግሞ በራሱ ልዩነት 16.8 × (0.50 × 68.0 + 0.50 × 83.3) ÷ 59.03 = 21.5፣ በሃይድሮጅን ልዩነት 0.50 × 68.0 × (16.8 − 83.3) ÷ 59.03 = −38.3 ይሆናል። የሃይድሮጅን ልዩነት 0.501፣ የናይትሮጅን ልዩነት −0.002 ስለሆነ፣ በተመሳሳይ መለኪያ የሃይድሮጅን ፍሰት 38.5 በአንድ አቅጣጫ፣ የናይትሮጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍሰት ደግሞ እያንዳንዳቸው 19.2 ያህል በተቃራኒው አቅጣጫ ይሆናሉ። ምንም የራሱ ልዩነት የሌለው ናይትሮጅን ሙሉ ልዩነት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኩል ፈሰሰ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። እነዚህ አራት ቁጥሮች ከይዘቱ ጋር ይለዋወጣሉ፤ ጋዞቹን በሌላ ቅደም ተከተል ቢቆጥሯቸውም ይለወጣሉ፤ ፍሰቶቹ ግን ያው ናቸው። ስለዚህ ከሰው የተቀበሉትን ማትሪክስ በምን ቅደም ተከተልና በምን ይዘት እንደተሠራ ሳያውቁ አይጠቀሙበት። ሦስቱ የጥንድ ኮኤፊሸንቶች ግን በቀላል ጋዞች ዘንድ ከይዘቱ ጋር እምብዛም አይለወጡም። ሌላው፣ ማትሪክሱ የሚሰጠው ከድብልቁ አማካይ ፍጥነት አንጻር ያለውን ፍሰት ብቻ ስለሆነ ከዕቃው ግድግዳ አንጻር ያለውን ለማግኘት ተጨማሪ ሁኔታ ያስፈልጋል። በተዘጉት ሁለት ዕቃዎች ውስጥ ግፊቱ እኩል ስለሆነ የፍሰቶቹ ድምር ዜሮ ነው፤ በቱቦ ውስጥ ፈሳሽ ሲተን ደግሞ ዜሮ የሚሆነው የአየሩ ፍሰት ነው። ቀመሩን በትክክል ጽፎ ይህን መርሳት ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል።

አማካይ ኮኤፊሸንትን በተመለከተ፣ ዊልክ እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረበው አቋራጭ የጋዙ የራሱ ድርሻ ከ1 ላይ ሲቀነስ የሚቀረውን፣ የሌሎቹ ድርሻዎች እያንዳንዳቸው ለጥንድ ኮኤፊሸንታቸው ተካፍለው ለሚሰጡት ድምር ያካፍላል። ለሃይድሮጅን 77.5 ይሰጣል፤ ከ76.8 ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥሩ ነው። ለናይትሮጅን ግን 28.0 ይሰጥና በ0.002 ሲባዛ 0.056 ብቻ ይሆናል፤ ከእውነተኛው 19.2 ከ300 ጊዜ በላይ ያንሳል። አንድ ጋዝ በጣም ጥቂት ሆኖ በብዙ ሌላ ጋዝ ውስጥ ሲሰራጭ አቋራጩን ያለ ሥጋት ይጠቀሙበት፤ ሁሉም ጋዞች ጉልህ ድርሻ ባላቸው ጊዜ ግን አይመኑት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚደረግ የትነት ሙከራ የመጽሐፍ ሰንጠረዦችን እንጠቀማለን። ከፍታው ለውጥ ያመጣልን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያመጣል፤ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሰንጠረዦቹ አብዛኛውን ጊዜ ለ1 አትሞስፌር ሲሆኑ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የጋዝ ዲፊዩዥን ኮኤፊሸንት ግፊት ሲቀንስ በተገላቢጦሽ ስለሚያድግ የሰንጠረዡ ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ይላል። ይሁንና የጋዙ ጠቅላላ ክምችት በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የሁለቱ ብዜት አይለወጥም፤ የሞል ድርሻ ልዩነቱ ያው ከሆነ ፍሰቱም ያው ነው። በትነት ሙከራችሁ ላይ ለውጡ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የውኃ የእንፋሎት ግፊት 2.34 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ በውኃው ገጽ ላይ ያለው የሞል ድርሻ በባሕር ወለል 0.023፣ በአዲስ አበባ 0.031 ያህል ይሆናል፤ ትነቱም የሚፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ኮኤፊሸንቱን አስተካክሎ ጠቅላላ ክምችቱን በ1 አትሞስፌር መተው ፍሰቱን በአንድ ሦስተኛ ያህል አብዝቶ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለፈሳሾችም ይሠራል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መሠረቱ አንድ ነው፤ ቁጥሮቹና አስቸጋሪነቱ ግን ይለያሉ። በፈሳሽ ውስጥ ኮኤፊሸንቱ በጋዝ ካለው በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ ከይዘቱም ጋር በጉልህ ይለዋወጣል። ገፊው ኃይል የኬሚካል ፖቴንሻል (ንጥረ ነገሩ በድብልቁ ውስጥ በአንድ ሞል ያለው ነጻ ኢነርጂ) ልዩነት ስለሆነ የጥንድ ኮኤፊሸንቶቹ ማትሪክስ ድብልቁ ከተስተካከለ (አይዲያል) ጠባይ ምን ያህል እንደራቀ በሚገልጽ የቴርሞዳይናሚክስ ማትሪክስ መባዛት አለበት። የተሟሟው ነገር ጥቂት በሆነ ጊዜ የዊልክና የቻንግ የ1955 ቀመር ይጠቅማል፤ በሁለት ፈሳሾች ድብልቅ መካከለኛ ይዘት ላይ ደግሞ ሁለቱን የጥቂትነት ዋጋዎች በሞል ድርሻቸው አርቢ አድርጎ የሚያባዛው የቪኜ የ1966 ዘዴ የተለመደ ነው። አዮኖች ሲኖሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጨመራል፦ በውኃ ውስጥ በ25 ዲግሪ የሃይድሮጅን አዮን ኮኤፊሸንት 9.3፣ የክሎራይድ 2.0 ሲሆን (ሁለቱም በቢሊዮንኛ ካሬ ሜትር በሰከንድ) ተለያይተው መሄድ ስለማይችሉ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በአንድነት በ3.3 ይሰራጫል።