ለኢሜይል የተመረጠ ቁልፍ ለሴንሰር አይሆንም

ወንድሜ፣ «ለኢሜይል የያዝኩትን አርኤስኤ 4096 (ባለ 4096 ቢት የምስጠራና የፊርማ ቁልፍ) በባትሪ ለሚሠራው ሴንሰርም ላውለው?» ብለሃል። አታውለው፤ የሁለቱ ስጋት ለየቅል ነው።

የተመሰጠረ ኢሜይል ሰርቨር ላይ ለዓመታት ይቀመጣል። በፒጂፒ (በተለመደው የኢሜይል ምስጠራ ዘዴ) ደግሞ የግል ቁልፉ የተሰረቀ ቀን የድሮው ደብዳቤ ሁሉ አብሮ ይነበባል። ስለዚህ እዚህ ጥንካሬ አይሰሰትም፤ ኮምፒውተሩም አይከብደውም። አዲስ ካወጣህ አጫጭር ቁልፍ ያላቸውን አዲሶቹን ዓይነቶች፣ ለፊርማ ኢዲ25519፣ ለምስጠራ ሲቪ25519 ያዝ። የምትጻጻፋቸው ሰዎች አሮጌ ፕሮግራም ካላቸው አርኤስኤ 3072 ይበቃል፤ ሁሉም ወደ 128 ቢት ጥንካሬ አላቸው። ዋናውን ቁልፍ ኢንተርኔት የማይነካው ቦታ አስቀምጥ፤ በሥሩ ላሉት፣ ለዕለት ሥራ ለሚውሉት ንዑስ ቁልፎች የ2 ዓመት ገደብ ስጣቸው፣ ሲደርስ ይራዘማል።

ሴንሰሩ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። የአርኤስኤ ቁልፍ ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ የግል ቁልፉ ስሌት ወደ 8 እጥፍ ይከብዳል፤ ባትሪው ነው የሚያልቀው። የ4096 ፊርማ ብቻውን 512 ባይት ነው። ሎራዋን (የሴንሰሮች የረጅም ርቀት ሬዲዮ መረብ) ግን በአውሮፓው 868 ሜጋኸርዝ፣ በዝግተኛው ፍጥነት፣ በአንድ መልእክት የሚሸከመው 51 ባይት ዳታ ነው። የኢዲ25519 ፊርማ እንኳ 64 ባይት ስለሆነ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱን መልእክት መፈረሙን ተወው፤ ላኪውና ተቀባዩ አንድ የጋራ ቁልፍ በሚይዙበት በኤኢኤስ 128 ሲሲኤም፣ መልእክቱ እንዳልተነካ በሚያሳይ ባለ 8 ባይት ማረጋገጫ መስጥር። ቺፑ የኤኢኤስ ሃርድዌር ከሌለው ሌላው ተመሳሳይ ዘዴ፣ ቻቻ20-ፖሊ1305፣ ይፈጥናል፤ ማረጋገጫው ግን 16 ባይት ይወስዳል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ከቁልፍ ማጠር ይልቅ የሚያሰጋው የኖንስ፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ ለእያንዳንዱ መልእክት አንዴ ብቻ የሚውለው ቁጥር፣ መደገም ነው። ኖንሱን የሚሰጠው ቆጣሪ ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ራም ላይ ብቻ ከሆነ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ከ0 ይጀምራል። በአንድ ቁልፍና በአንድ ኖንስ የተመሰጠሩ ሁለት መልእክቶች ኤክስኦር ሲደረጉ (ቢት በቢት ሲነጻጸሩ) ምስጠራው ይጠፋፋና የሁለቱ ጥሬ ጽሑፍ ልዩነት ይወጣል፤ የሴንሰር ዳታ ደግሞ ለመገመት ቀላል ነው። ቆጣሪውን ግን በየመልእክቱ ፍላሽ (ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋው ማኅደር) ላይ አትጻፍ፤ ፍላሹ በጽሕፈት ብዛት ያልቃል። መፍትሔው 1000 ቁጥር አስቀድሞ መያዝ ነው፦ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ የያዝከው ቁጥር የሚያበቃበትን፣ ፍላሽ ላይ ጻፍ፣ ከዚያ መላክ ጀምር፤ መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሳ ከተጻፈው ጣሪያ ይቀጥል።

ቁልፉን መሣሪያው ገና እንደበራ አታመንጭ፤ በዚያ ሰዓት በቂ የዘፈቀደ ምንጭ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ኢንተርኔት ላይ ባሉ ብዙ መሣሪያዎች የአርኤስኤ ቁልፎች ውስጥ የተደጋገሙ ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይሞች፣ ቁልፉ የሚሠራባቸው) ያገኙት በዚህ ሰበብ ነው። ኮምፒውተር ላይ አመንጭተህ ጫን፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን፤ ከዚያም የቺፑን የንባብ መከላከያ ቆልፍ።