የስኩተር ጎማ ንፋስ ስንት ይሁን? ጥያቄና መልስ ከጎጃም ነጂዎች ጋር

መላሽ፦ ከመጀመራችን በፊት፦ የስኩተሩን ዓይነት፣ የጎማውን ቁጥር (3.50-10 ነው? 90/90-12?)፣ ብቻችሁን ወይስ ሰው አፈናጥጣችሁ እንደምትነዱ ጻፉ። ያለዚህ መልስ የለኝም።

ከዳንግላ፦ አያ፣ እንደምን ዋሉ። 125 ሲሲ ነው፣ ጎማው 90/90-12፣ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ጎማው ጎን ላይ 280 ኪሎፓስካል ስለሚል ጎሚስታው ፊትም ኋላም በዚያው ልክ ሞላልኝ። አሁን ኮብል ላይ ይዘላል፣ ሲዘንብ ደግሞ የፊቱ ይከዳኛል።

መላሽ፦ ኪሎፓስካልም ፒ.ኤስ.አይም የንፋስ ግፊት መለኪያ ናቸው፤ 280 ኪሎፓስካል ወደ 41 ፒ.ኤስ.አይ ነው። ከዚህ በታች ስሙን ሳልጠራ የምጽፈው የንፋስ ልክ በፒ.ኤስ.አይ ነው። ይህ ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ስኩተርህ የሚፈልገው ልክ አይደለም። ልኩን የሚያውቀው ስኩተሩን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ መመሪያ መጽሐፉን ወይም ስኩተሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልግ። የዚህ መጠን ስኩተሮች ብዙዎቹ ፊት 22፣ ኋላ ለአንድ ሰው 29፣ ለሁለት ሰው እስከ 36 ይላሉ። ኋላው የሚበልጠው ሞተሩ እዚያው የኋላ ጎማ ላይ ስለሆነና የነጂውም ክብደት ወደዚያ ስለሚያደላ ነው። ፊቱ 41 ሲሞላ መሬት የሚይዘው ላስቲክ ይጠባል፤ እርጥብ ኮብል ላይ ፍሬን ስትይዝ የሚከዳህ ለዚህ ነው። ነገ ጠዋት፣ ሳትነዳው፣ በቀዝቃዛው አስተካክል።

ከቡሬ፦ ስኩተር ስንት ይነፋል?

መላሽ፦ የመጀመሪያውን መስመር አንብብ።

ከደጀን፦ በ90/90-12 ጎማ ብቻዬን ዓባይ በረሃ ልወርድ ነው። ላስተንፍስ?

ከሞጣ፦ እንዴታ! በረሃው ጎማ ያፈነዳል። አምስት ቀንሰህ ውረድ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ተው እንጂ! ወደ ቆላ ሲወረድ ንፋሱ ራሱ ይቀንሳል፤ ይልቅ ጨምርበት።

ከሞጣ፦ ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው? ሙቀት ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ወደ 1,400 ሜትር ይወረዳል፤ ታች የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ ቀንሶ ያሳያል። 29 የተሞላ ጎማ ደግሞ በየ10 ዲግሪው ሙቀት 1.4 ያህል ይጨምራል። ደጀን ላይ 15 ዲግሪ፣ ታች 30 ቢሆን 2 ጨመረ ማለት ነው። ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ መለሰው፤ ስለዚህ ምንም አትንካ።

በጉዞ ላይ ጎማው ሲታሽ የሚያመጣው ሙቀት ከዚህ ሌላ ነው። 29 የነበረው ትኩስ ሆኖ 32 ቢያሳይ ጤና ነው። 35 ካሳየ ግን ወይ መነሻው አንሶ ነበር ወይ ጭነት በዝቷል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ነው ብዙ የሚታሸውና ብዙ የሚሞቀው። ቆመህ አቀዝቅዘው፣ ከጭነቱም ቀንስ፤ በትኩሱ አታስተንፍስ። ድልድዩ ጋ 32ቱን ወደ 29 ብታወርደው፣ ማታ ደብረ ማርቆስ ሲበርድ 26 አካባቢ ታገኘዋለህ።

ከሞጣ፦ ይሁን። የእኔ የድሮ ቬስፓ ናት፣ 3.50-10፣ ባለ ውስጥ ጎማ። ብቻዬንም ሰው አፈናጥጬም እነዳለሁ። ስንት?

መላሽ፦ ፊት 18፣ ኋላ ለአንድ ሰው 25፣ ለሁለት ሰው 36። መመሪያው ባር በሚባለው ሌላ የግፊት መለኪያ 1.25፣ 1.75 እና 2.5 ይለዋል፤ ባሩን በ14.5 አባዛው።

አሁን የሚመጣውን ሁለት ጊዜ አንብብ። የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ነው። አንዱ ዙር ብሎን ጎማውን ከነቸርኬው ያወጣል፤ ሌላው ዙር ሁለቱን ግማሽ አጋጥሞ ይይዛል። ጎማው ንፋስ እያለው ሁለተኛውን ዙር ከፈታህ ቸርኬው ፊትህ ላይ ይፈነጠራል። መጀመሪያ የቫልቩን መርፌ አውጣ፣ ጨርሶ ይተንፍስ፣ ከዚያ ፍታ። ስትገጥም የውስጡን ጎማ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፋው፤ ባዶውን ከከተትከው በሁለቱ ግማሽ መሐል ይቆነጠጥና ይበሳል። ብሎኖቹን ተራ በተራ ሳይሆን በማዶ ለማዶ አጥብቅ። ቫልቩ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ከሳምንታት በኋላ ተጋድሞ ካየኸው ጎማው ንፋስ አንሶት ቸርኬው ላይ እየዞረ ነው፤ በመጨረሻ ቫልቩን ከሥሩ ይገነጥለዋል።

ከእንጅባራ፦ በክረምት ጭቃ እንዲይዝ ኋላውን 15 አደርገዋለሁ፤ አሪፍ ነው።

ከደጀን፦ ቸርኬህንስ ስንቴ አስጠገንክ?

ከእንጅባራ፦ የአገራችንን ጭቃ ስለማታውቀው ነው።

መላሽ፦ የስኩተር ጎማ ጥርሱ ለአስፋልት ነው፤ ብታስተንፍሰውም ጭቃው ጥርሱን ይሞላዋል። በ15 የምታገኘው የተጣመመ ቸርኬ ነው። ጭቃው ካስቸገረህ ጥርሱ ሰፋ ያለ ጎማ አስገባ።

ከባሕር ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። 110 ሲሲ፣ 90/90-12፣ ቲዩብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው)፣ ብቻዬን። ኋላው በየሳምንቱ ከ29 ወደ 22 ይወርዳል። ጎሚስታ ምንም ቀዳዳ አላገኘም።

መላሽ፦ እህቴ፣ እንዲህ ይጠየቃል። ጤነኛ ጎማ በወር 1 ወይም 2 ቢቀንስ ነው። የሳሙና አረፋ ቫልቩ አፍ ላይ አድርጊ፤ ካኩረፈረፈ መርፌውን አጥብቂ ወይም ቀይሪ፣ ርካሽ ናት። ቀጥሎ ቫልቩን ወደ ጎን ጎንበስ እያደረግሽ ሥሩን እዪ፤ ላስቲኩ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ስንጥቁ ይዘጋል። ጎሚስታው ያጣውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበትን ዙሪያውን አረፋ ቀቢ። እዚያ ካፈሰ ጎማው ይውጣና የቸርኬው ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ። ኮብል መትቶ አጣምሞት ከሆነ ግን ማጽዳት አይበቃም፣ መቃናት አለበት።

ከፍኖተ ሰላም፦ ናይትሮጂን ይሻላል?

መላሽ፦ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ገንዘብህን ያዝ።

ከደብረ ማርቆስ፦ የእኔ ጎማ 280 ይላል፣ 41 ልሙላ?

መላሽ፦ ጣሪያ ነው! ጣሪያ! የዳንግላውን መልስ አንብብ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሺ አይቆጡ። እግር ማሳረፊያው ላይ 50 ኪሎ ጤፍ ስጭንስ?

መላሽ፦ ይኼ ጥያቄ ነው። ከፊትህ የተቀመጠ ጭነት እንደ ተፈናጣጭ ኋላ ላይ ብቻ አያርፍም፣ ለሁለቱም ጎማ ይካፈላል። ኋላውን ለሁለት ሰው ከተጻፈው አታሳልፍ፣ ፊቱን 2 ጨምር፤ ስታራግፍ መልሰህ አስተካክል። ከረጢቱ መሪውን የሚነካ ከሆነ ግን ንፋስ አያድንህም፣ ቀንስ።

ከቡሬ፦ መለኪያውስ? የጎሚስታው አንድ ይላል፣ የእኔ ሌላ።

መላሽ፦ የራስህን ያዝ፤ ኮምፕረሰሩ ላይ ያለው በየቀኑ ይወድቃል፣ ይረገጣል። የስኩተር ጎማ ትንሽ ስለሆነ በኮምፕረሰር ቶሎ ያልፍብሃል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ አስነፋ፣ ለካ፣ ድገም። ስትገዛም መርፌው ያለ ንፋስ ዜሮ ላይ የማይቆም ከሆነ መልስለት።