ራቸል ከአውሮፕላን ወረደች፤ እኔስ ልቅር?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ዱባይ ያለ አንድ ሆቴል በቪዲዮ ኢንተርቪው አድርጎኝ በፈረቃ ኃላፊነት ሊቀጥረኝ ነው። ውሉ የ2 ዓመት ነው። እጮኛዬ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። ስነግረው «እንደፈለግሽ» አለኝና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስቶት አያውቅም።

ቅዳሜ ማታ የቅርብ ጓደኛዬ ቤት ሆነን «ፍሬንድስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ የመጨረሻ ክፍል አየን። እሷና ባሏ፣ እኔና እጮኛዬ። ራቸል ከአውሮፕላን ወርዳ የምትወደው ሮስ በር ላይ ስትቆም ጓደኛዬ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አየሽ፣ እሷ ፓሪስን የመሰለ ከተማ ትታ ለፍቅር ቀረች። አንቺ ለዱባይ ብለሽ እንዲህ ያለ ሰው ልታጪ ነው?» አለችኝ። እጮኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። ጓደኛዬ ሐዋሳ የመጣችው ባሏን ተከትላ ከዲላ ነው፤ እዚህ ከእሷ የሚቀርበኝ ሰው የለም። ከዱባዩ ሆቴል ጋር ያገናኘኝ ሰው ደግሞ «ለቪዛ ማስጨረሻ» እያለ ብር ይጠይቀኛል። ግራ ገብቶኛል።

ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ ብሩን እንዳትሰጪ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የሥራ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው፣ አሠሪ የቅጥርን ወጪ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው እንዳይቀበል ይከለክላል። ቪዛውን የሚያስጨርሰው ሆቴሉ ነው። እዚህም ቢሆን ሰው ወደ ውጭ ለሥራ የሚልክ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሰውየውን ፈቃዱን አሳየኝ በዪው። «በጎብኚ ቪዛ ግቢና እዚያ ይስተካከላል» ካለሽ ደግሞ ስልኩን ዝጊው። በጎብኚ ቪዛ መሥራት ሕገወጥ ነው፤ ችግር ሲመጣ የምትያዢው አንቺ ነሽ። ሆቴሉን በራሱ ኢሜይል አግኝተሽ ይህ ሰው የእናንተ ነው ወይ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ዛሬውኑ ጠይቂ።

ወደ ቅዳሜው ማታ ልምጣ። ክፍሉን እኔም አይቼዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ግን ጓደኛሽ ያየችው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይመስለኛል። ራቸል ፓሪስ ልሂድ ብላ አልተነሳችም። ራልፍ ሎረን የሚባል የፋሽን ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። ምግብ ቤት ውስጥ ለሌላ የፋሽን ድርጅት፣ ለጉቺ፣ ኢንተርቪው ስትሰጥ አለቃዋ አጠገቧ ተቀምጦ ሰማትና ተባረረች። የሉዊ ቪቶን የፓሪስ ሥራ የመጣላት ከዚያ በኋላ ነው። ሮስ ምን አደረገ? ለእሷ ሳይነግር የድሮ አለቃዋ ዘንድ ሄዶ ወደ ቦታዋ እንዲመልሳት ለመነ። ልቡ ውስጥ ያለውን የነገራት ግን አየር ማረፊያ ነው፣ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል። ያውም መጀመሪያ በተሳሳተ አየር ማረፊያ ፈልጓት። እሷ ከኒዋርክ ነው የምትበረው፤ ጓደኛቸው ፊቢ ግን በታክሲዋ ጄኤፍኬ ወስዳዋለች።

ክፍሉ መጀመሪያ በታየበት ማታ አሜሪካ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል፤ ሜይ 6 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ነበር። ድራማው ከ1994 ጀምሮ ሲታይ ስለቆየ ተመልካቹ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ለማየት 10 ዓመት ጠብቋል። ደራሲዎቹ የመለሱት ያንን ጉጉት ነው። በማግስቱ ራቸል ምን ሥራ ላይ እንደምትውል ግን አይነግሩንም። አንቺ ደግሞ በማግስቱም ተነስተሽ ሥራ ትገቢያለሽ።

በዚያው ክፍል ሌላም ሰው ይሄዳል። ጓደኞቻቸው ባልና ሚስቱ ሞኒካና ቻንድለር መንታ ልጆች በማደጎ ተቀብለው ከከተማው ወጣ ወዳለ ሰፈር ሊገቡ ዕቃቸውን ጭነዋል። ጓደኞቹ ያዝናሉ፣ ግን ቅሩ ብሎ የሚለምናቸው የለም። ለትዳርና ለልጅ ሲሆን መሄድ ይፈቀዳል። ለሥራ የምትሄደዋ ግን ከአውሮፕላን እንድትወርድ እንመኛለን። ጓደኛሽ ባሏን ተከትላ ከዲላ ስትመጣ እዚያ የተዋቻቸው ጓደኞች ነበሯት። ይህን ስትነግሪያት እንዳትጣሉ፤ ቁጣዋ አንቺን ማጣት ፈርታ ይመስለኛል። ሐዋሳ ላይ ሌላ ሰው የምታውቀው በአንቺ በኩል ብቻ ሊሆን ይችላልና እንደዚያ እንደሆነም ጠይቂያት።

አሁን እጮኛሽ። ሰው ፊት ስልኩን ሲነካካ የነበረ ወንድ ምንም አልተሰማውም ማለት አይደለም። ጓደኛሽ እሱ በተቀመጠበት «ልታጪው ነው» ስትል ምን ይበል? ቤት ውስጥ፣ ቤተሰብ ባለበት አታንሺው። እሁድ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውሰጂው። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ሰው የዓሣ ሾርባውን ሲጠጣ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። እዚያ ቁጭ በሉና «እንደፈለግሽ ያልከኝን እንደ መልስ አልቆጥረውም፤ ብሄድ አንተ ምን ትሆናለህ?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ አንቺ አትሙዪለት። አስተማሪ ነው፤ ደመወዙን ከአንቺ ጋር እያነጻጸረ እንዳይሆንም እጠረጥራለሁ። ያ ካለ ዛሬ ይውጣ።

ቁርጥ ያለ ነገር ይዘሽ ሂጂ። ከአዲስ አበባ ዱባይ 4 ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና ከሚፈጀው አይበልጥም። የሰዓት ልዩነቱ 1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ማታ ማታ ታወራላችሁ። በዚያው በኤምሬትስ የሥራ ሕግ መሠረት 1 ዓመት የሠራ ሰው 30 ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። የሙከራ ጊዜው ከ6 ወር ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ጉዳዩን የዘላለም መለያየት አድርጋችሁ አትዩት፤ የ2 ዓመት ጉዳይ ነው።

«አትሂጂ» ካለሽስ? ምክንያቱን ይንገርሽ፣ ምን እንደሚያስብም ይንገርሽ። ሠርጉን ቶሎ እናድርግና እዚሁ እንሥራ ሊል ይችላል። ያ ሊመዘን የሚገባው ሐሳብ ነው። ምክንያት ሳይሰጥ ካኮረፈ ግን ያንንም አውቀሽ ትወስኚያለሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ውሉ ንጹሕ ከሆነ ሂጂ። እንግዳ መቀበያ ላይ ቆመሽ ሠርተሽ የፈረቃ ኃላፊ ልትሆኚ ነው። ተመልሰሽ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱን የምትመሪበት ቀን ሩቅ አይደለም። ስትመለሺ ኃላፊነቱን ለምደሽ ነው የምትመጪው።

ተጋብታችሁ ልትሄጂ ካሰባችሁ ደግሞ የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት አውጡና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምሬትስ ኤምባሲ አረጋግጡት። ባልን ለመውሰድ ደመወዝሽ እዚያ ከሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን ማነስ የለበትም፤ መጠኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ማረፊያው ለብቻ ይሁን በጋራ ካልተጻፈም ከመፈረምሽ በፊት ሆቴሉ በጽሑፍ እንዲመልስልሽ አድርጊ።