ኢንተርኔቱን እጥፍ ከማስደረግዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ አለኝ። ስምንት ሆነን ነው የምንሠራው። አምና የድሮውን የቢሮ ስልክ አንስተን በኢንተርኔት የሚሠራ አስገባን። ጠዋት ጠዋት ምንም አይልም። ከሰዓት በኋላ ግን ጉድ ነው። እኛ ደንበኛውን ጥርት አድርገን እንሰማዋለን፤ እሱ ግን «እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማም» እያለ ይዘጋብናል። ባለሙያው «ኢንተርኔቱን እጥፍ አስደርጉት» አለን። ገንዘቡን ላውጣ?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ ብሩን ለጊዜው አያውጡ።

ነገሩን ራስዎ ጽፈውታል። እናንተ ትሰማላችሁ፣ ደንበኛው አይሰማም። እንግዲህ ወደ ቢሮ የሚገባው ድምፅ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የሚታፈነው የሚወጣው ነው። ባለሙያው ስለ ፍጥነት ከማውራቱ በፊት ይቺን ቢጠይቅ ጥሩ ነበር።

ድምፅ ብዙ ቦታ አይበላም። ጂ.711 በሚባለው የተለመደ አሠራር አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይወስዳል። አብሮት የሚላከው የመድረሻ አድራሻና ሌላው ጓዝ ሲጨመርበት ወደ 90 ይጠጋል። ስምንታችሁም እኩል ብታወሩ 1 ሜጋ ቢት አይሞላም።

ድምፅ የሚፈልገው በሰዓቱ መድረስ ነው። ስልኩ ንግግርዎን አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይቆርጠዋል፤ በሰከንድ 50 ቁራጭ ይልካል ማለት ነው። ኢሜይል ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ማን ያውቃል? ዘግይቶ የደረሰ የድምፅ ቁራጭ ግን ይጣላል። እርስዎ «ትኬቱ ለማክሰኞ ነው» ይላሉ፤ ደንበኛው ጋ «ት… ለማ… ነው» ሆኖ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው ያለ ነገር አይደለም።

አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ወረፋ ይዘው፣ ከፊትዎ ፋይል ተሸክሞ የመጣ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢቆምስ? የእርስዎ ድምፅ ራውተሩ፣ ማለትም ቢሮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሣጥን ላይ የሚገጥመው ይኸው ነው።

ባለፋይሉ ማን ነው? እኔ የደህንነት ካሜራውን እጠረጥራለሁ፤ ቀረጻውን ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወዳለ ማከማቻ የሚልክ ከሆነ። የፓስፖርት ስካንም አለ። ደግሞ ከምሳ መልስ የሠራተኛው ሁሉ ስልክ በቢሮው ዋይፋይ ፎቶውን ወደ ጎግል ይጭናል። ነገ መቆራረጡ ሲጀምር የካሜራውን መቅጃ ከኔትወርክ ይንቀሉት፣ የሠራተኛውንም ስልክ ሁሉ ከዋይፋዩ ያስወጡ፤ ከዚያ በቢሮው ስልክ ይደውሉ። ድምፁ ከጠራ ሌባው ተያዘ።

ከዚያ ባለሙያውን ይጥሩና ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያድርጉት። ኪው.ኦ.ኤስ ይሉታል፤ ይገባዋል። የሌላውን ሁሉ አፕሎድም፣ ማለትም ከቢሮ የሚወጣውን፣ መስመራችሁ በእርግጥ ከሚችለው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይገድበው። የጠረጴዛ ስልኮቹ በዋይፋይ ከሆኑ ወደ ኬብል ይመልሳቸው። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልጠራ መስመሩን እንጠረጥራለን፤ ያኔም የሚያስጨምሩት አፕሎዱን ነው። ዳውንሎዱ ብቻ እጥፍ ቢሆን ለዚህ ችግር አይፈይድም።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር፤ እኔ ሽቦ ስጎትት ያረጀሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልችልም። የድሮው የመዳብ መስመር መብራቱን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያው ነበር። ሰፈሩ ጨልሞም ይጮኽ ነበር። የአሁኑ ስልክዎ ራሱም፣ ገመዶቹ የሚሰኩበት ማገናኛ ስዊቹም፣ ራውተሩም መብራት ይፈልጋሉ። ስንቱ ቢሮ ነው ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ራውተሩን ግድግዳ ላይ የተወ! ለስልኮቹ በኔትወርክ ገመዱ በኩል መብራት የሚመግብ ስዊች ከገዙ፣ ስዊቹንና ራውተሩን የያዘ አንድ ዩፒኤስ ለሁሉም ይበቃል።

ሁለተኛው የይለፍ ቃል ነው። የውስጥ ቁጥሩ 101 የሆነ ስልክ የይለፍ ቃሉም 101 ሆኖ ስንት ቦታ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን በኢንተርኔት እያሰሱ የሚፈልጉ ሌቦች አሉ። ሲያገኙት ሌሊት ወይም እሑድ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ይደውሉበታል፤ ሒሳቡ በእርስዎ ስም ይመጣል። የይለፍ ቃሉን ረዘም ያለ ያድርጉት። የውጭ ጥሪን ሙሉ በሙሉ ዝጉ አልልዎትም፤ የትኬት ቢሮ ነው። ደንበኞችዎ ጅዳና ዱባይ ከሆኑ ግን ለእነዚያ አገሮች ብቻ ያስከፍቱ፣ ሌላውን ያስዘጉ።